የዋዳው ባለቤት አንድ ሰው አይደለም (ሕንድ፣ ፑኔ ውስጥ ለሰርግ ክሊፕ የድሮ ግቢ ቤት መከራየት ለጠየቀችው እህት)

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ፑኔ ውስጥ ከሰርጋችሁ በፊት ዋዳ በሚባለው የድሮ የማራታ ሰዎች ግቢ ቤት ክሊፕ ልትቀርጹ፣ ማታውን እዚያው ግቢ ውስጥ ጓደኛ ሰብስባችሁ ልትደግሱ ነው ያሰባችሁት። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። የእናንተም ነገር እንደ እኛው ይሆናል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ዋጋ ግን አትጠይቂኝ። እዚያ ዋጋ የሚጠራው ፊት እየታየ ነው።

1. ቤት ምርጫ። ሻኒዋር ዋዳን እርሺው። የማራታው ጠቅላይ ሚኒስትር ቀዳማዊ ባጂራው ያሠራው፣ በ1732 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ያለቀ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1828 በእሳት ጋይቶ የቀረው የግንብ አጥሩ፣ በሮቹና መሠረቱ ነው። እሱም በሕንድ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ሥር ስለሆነ ለእኔና ላንቺ ዓይነት ሰው አይሆንም። ቪሽራምባግ ዋዳ፣ የ1807ቱ፣ የእንጨት ሥራው ልብ ይሰርቃል። ፊት ለፊቱ ቆመሽ ፎቶ ተነሺና እለፊ። አንቺ የምትፈልጊው ሰው የሚኖርበትን ቤት ነው። መሐሉ ሰማይ የሚታይበት ቾውክ (የውስጥ ግቢ)፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ የቲክ እንጨት ምሰሶዎች፣ ግቢው መሐል ቱልሲ የሚሉት ቅዱስ ተክላቸው የተተከለበት መደብ ያለውን። እንዲህ ያለው ፔት በሚባሉት የድሮ ሰፈሮች፣ ካስባ ፔት፣ ሳዳሺቭ ፔትና ናራያን ፔት ውስጥ ለውስጥ አሁንም አለ። ግን እየፈረሰ አፓርታማ ስለሚሆን አምና ያየሽውን ዘንድሮ ላታገኚው ትችያለሽ።

ከከተማ መውጣት ካልከበዳችሁ ወደ ዋይ ሂዱ። ከፑኔ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጠገቧ ሜናቫሊ የምትባል መንደር አለች፤ የድሮው የማራታ ሚኒስትር የናና ፋድናቪስ ዋዳ እዚያ ነው። ክሪሽና ወንዝ ዳር ነው፣ የድንጋይ ደረጃው እስከ ውኃው ይወርዳል። ሻህ ሩክ ካን የናሳ መሐንዲስ ሆኖ የተጫወተበትን የ2004 ፊልም የመንደር ትዕይንት ካየሽ፣ ቦታውን አይተሽዋል ማለት ነው። የአካባቢው ሰው ፊልም ሠሪ ስለለመደ ብዙ አያስቸግርም። እኛ ግን እንግዳችን ሁሉ ማታ ዶርም የሚገባ ተማሪ ስለነበር ፑኔ ቀረን። ጣጣውም ከዚያ ጀመረ።

2. "ባለቤቱ ማነው?" ብለሽ አትጠይቂ። "ስንት ናቸው?" በይ። ዋዳ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ሳይከፋፈል የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኛው አንዱ ወንድም ፑኔ፣ አንዱ ሙምባይ፣ እህታቸው ናሺክ ነበሩ። ሦስቱም ወራሽ ናቸው። በዚህ ላይ ተከራዮች አሉ። እነሱን ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ተከራይ እንዳታዪያቸው። በ1947 የወጣው የቦምቤይ የኪራይ ሕግ ኪራዩን በ1940 ልክ አስሮት ስለነበር፣ ከአባታቸው የተረፈውን ክፍል ለሻይ በማይበቃ ብር ይዘው ያረጁ ሰዎች አሉ። በ1999 ሌላ ሕግ ቢወጣም የድሮ ተከራይን በቀላሉ ማስወጣት አይቻልም። ግቢው የእነሱም ግቢ ነው።

ደላላችን ይህን ሁሉ ያውቃል። አልነገረንም። ከአንዱ ወንድም ጋር ብቻ ተስማምቶ ቀብዳችንን ተቀበለ። የቀረጻው ዕለት ጠዋት ካሜራማኑ፣ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ፣ ሐበሻ ቀሚሷን የለበሰችው እጮኛዬ፣ ሁላችንም በትልቁ በር ላይ ባለችው ትንሽ በር ጎንበስ ብለን ገባን። ግቢው ሙሉ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። ስኩተሮች ቆመዋል። ከምድር ቤቱ ቴሌቪዥን ያንባርቃል። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩንም።

ደላላው ሊጮህባቸው ሞከረ። "እዚህ ቤት የተወለድኩት እኔ ነኝ። እኔን ማን ጠየቀኝ?" አሉት። እውነታቸውን ነው። ደላላውን ውጭ አስቀረነው። እጮኛዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና "ናማስካር፣ ካካ" (ሰላም፣ አጎቴ) አለቻቸው። አገሯን ጠየቋት። ኢትዮጵያ ስትላቸው ጋዜጣውን አጠፉትና ስለ ማሊክ አምባር ማውራት ጀመሩ። ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ ሄዶ በመጨረሻ አህመድናጋርን ስላስተዳደረው፣ በ1626 ስለሞተው ሰው። የማራታ መንግሥት መሥራች የሺቫጂ አባት ሻሃጂ በ1624 ባትቫዲ ላይ ከእሱ ጎን ተሰልፎ ሙጋሎችን እንደወጋ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ስለ አገሬ ሰው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በር ላይ ነበር ጣጣ የፈጠርነው! ሻይ መጣ። ልብሱ ተነሳ፣ ስኩተሮቹ ወጡ። የሽማግሌው ሚስት ክሊፑ ላይ የእጮኛዬ ፀጉር ላይ አበባ ሲሰኩ ይታያሉ፤ ከክሊፑ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ግን የጠዋቱ ብርሃን አልፎ ነበር። ካሜራማኑም ትርፍ ሰዓት አስከፈለን። ደላላው የዚያን ድርሻ ክፈል ስንለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ራስሽ፣ ሰው ሁሉ ቤት በሚገባበት በምሽት ሂጂ። ጣፋጭ ይዘሽ ሂጂ። ተከራዩንም ወራሹንም አነጋግሪ። የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት ያዢ።

3. ያ ወረቀት ለድምፅ ፈቃድም ያስፈልግሻል። በሕንድ የ2000 የድምፅ ብክለት ደንብ መሠረት ድምፅ ማጉያ ያለ ፈቃድ አይከፈትም፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ ክልክል ነው። ፈቃዱን ልናወጣ ስንሄድ የገጠመን ጸሐፊ ፊት ነሳን ብል ይቀለኛል። የባለቤቱን ደብዳቤ አምጡ አለ፣ አመጣን። የሁሉንም ባለቤቶች አለ፣ አመጣን። ከዚያ ይሄ የእኔ መስኮት አይደለም አለ! መጀመሪያ ላይ ቢነግረን ምን ነበረበት? እግራችን እስኪቀጥን ተመላለስን። በመጨረሻ ነገሩን የጨረሱልን ከናሺክ የመጡት እህትየው ናቸው። ቆመው በአካባቢው ቋንቋ በማራቲ ትንሽ ተናገሩት፣ ማኅተሙ ወዲያው አረፈ። ማራቲ የሚችል ሰው ሳትይዢ እንዳትሄጂ፤ ሂንዲ አይበቃም። ብዙዎቻችሁ የተማሪ ቪዛ እንዳላችሁም አስቢ። የራሳችሁ ደስታ ሌላ ነገር ነው፤ ከዝግጅቱ ገንዘብ መሰብሰብ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

4. ምግብ። ብዙ ዋዳ ውስጥ የጸሎት ክፍል ስላለ ሥጋ፣ እንቁላልም ቢሆን፣ እንዲገባ አይፈልጉም። መጠጥማ አይነሳም። ዶሮ ወጥ የሌለው ድግስ ነው ብለው ያጉረመረሙ ጓደኞች ነበሩን። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አተር ክክ ሠርተን የጾም በያይነቱ አቀረብን፤ የቤቱ ሰዎች አብረውን በሉ። ዶሮውን በሌላ ቀን ብሉት።

ቁጥሩን ልተወውና የቀረውን እንደመጣልኝ ልንገርሽ። ጀበናውን ግቢው የድንጋይ ንጣፍ ላይ አድርጊ፣ በረንዳው እንጨት ላይ በፍጹም። ከሰልና ዕጣን ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ አይፈረድባቸውም፤ ሻኒዋር ዋዳ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ምሰሶ ላይ ሚስማርም ፕላስተርም አይለጠፍም። አበባውን በክር እሰሪው። ፎቁ ላይ ሰው አታብዢ። እስክስታ ችግር የለውም፣ ጉራግኛ ግን የግድ ምድር ላይ! የእኛ ልጆች ፎቅ ላይ ሲጀምሩት የጣሪያው አቧራ ታች በተቀመጡት ሰዎች ሻይ ላይ ዘነበ። የቤቱ የመብራት መስመር አሮጌ ስለሆነ የካሜራ መብራት አይችልም። ጀነሬተር ተከራይተሽ መንገዱ ላይ አቁሚው፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ትልቅ መኪና አይገባም። ቾውኩ ጥልቅ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ይወርድና ፊት ያበላሻል። ከዚያ በፊት ቅረጹ፣ ወይም ከላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሩ።

የመያዣው ገንዘብም አለ። ገና ስትገቢ እያንዳንዱን ምሰሶ፣ በርና ወለል በስልክሽ ቪዲዮ ያዢው፣ ደላላውም ቪዲዮው ውስጥ ይታይ። የእኛው "ምሰሶ ጫራችሁ" ብሎ መያዣውን ሊያስቀር ሲሞክር የጠዋቱን ቪዲዮ ከፍቼ አሳየሁት። ጭረቱ እዚያው አለ፣ እሱ ራሱ ተደግፎት ቆሟል። ገንዘቤን ቆጥሮ ሰጠኝ። ቢያንስ በዚህ አልበላኝም።

ቀኑን በተመለከተ፣ እንቁጣጣሽን ካሰብሽ ተዪው። ዝናቡ ገና አላባራም፣ የጋኔሽ በዓልም ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ይውላል፤ ያኔ የፔቶቹ መንገዶች ተዘግተው ከበሮው ሌት ተቀን ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጥሩ ነው። እነሱም ሰርጋቸውን ከዲዋሊ በዓል በኋላ ስለሚጀምሩ ግን ቤቱን ቀድመሽ ያዢ። ወራሾቹን ለማነጋገርም ጊዜ ይበቃሻል።