ብጉርና የደም ቅባት፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች «ብጉር ያለበት ሰው ደሙም ውስጥ ቅባት ይበዛል አሉ፤ እውነት ነው?» እያሉ ይመጣሉ። ጠይቁኝ አልኩ፣ ጠየቃችሁ። እንጀምር።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ 23 ዓመቴ ነው። ፊቴ ወዛም ነው፣ ብጉርም አለብኝ። ኮሌስትሮል ይዞኝ ይሆን?

ከፊትህ ተነስቶ እንዲህ ማለት አይቻልም ወንድሜ። ፊትህ ላይ የሚያብለጨልጨውን ወዝ የሚሠሩት ከጸጉር ሥር ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው። ዋና አዛዣቸው አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ናቸው። በጉርምስና የሚብሰውም ለዚህ ነው። ወዙ በዝቶ ቀዳዳው በሞተ ቆዳ ሲደፈን እዚያው የሚኖረው ባክቴሪያ ይራባል፣ ቆዳው ይቆጣል፣ ብጉር ይወጣል።

ወሬው ግን ከመሬት አልተነሳም። ብጉር ያለባቸውንና የሌለባቸውን ወጣቶች ደም ያወዳደሩ ጥናቶች አሉ። አንዳንዶቹ ብጉር ባለባቸው ላይ መጥፎው ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) ወይም ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ከፍ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል (ኤችዲኤል) ደግሞ ዝቅ ብሎ አግኝተዋል። ሌሎቹ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላዩም። ልዩነት የታየበትም ቢሆን አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት አይበቃም። ውፍረትም ሆርሞንም ሁለቱን በአንዴ ሊነካ ይችላል።

ጥያቄ (ከኪቶ፣ ተማሪ)፦ እና ምንም አያገናኛቸውም?

አንድ መንገድ አለ፤ ስኳር። ለስላሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ነጭ ዳቦ የደም ስኳርን ቶሎ ያወጣሉ። ሰውነት ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊን፣ አይጂኤፍ ዋን ከሚባለው ሌላ ሆርሞን ጋር ሆኖ፣ የወዝ ዕጢዎቹን ያነቃቃል። ጉበት በበኩሉ የተረፈውን ስኳር ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለውጣል። ስለዚህ ጫት ይዛችሁ ለስላሳ የምትደረድሩ ልጆች፣ አዎ፣ እናንተን ነው የማወራው። እንቅልፍ ማጣቱን ገና አልነካሁም።

ጥያቄ (የአንዲት እናት)፦ ልጄ 21 ዓመቷ ነው። ብጉሩ አገጯና መንጋጋዋ ላይ ነው የሚወጣባት። የወር አበባዋም ሁለት ሦስት ወር ይዘላል። ቅባት ስለምትበላ ይሆን?

እትዬ፣ ምግቡን ይተዉትና የወር አበባዋን ነገር ይያዙት። ብጉር፣ የሚዘል የወር አበባ፣ አንዳንዴም አገጭ ላይ ጸጉርና የክብደት መጨመር አንድ ላይ ሲመጡ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን ችግር ይጠረጠራል። በዚህ ችግር ኢንሱሊን በደንብ አይሠራም፤ የደም ቅባትም ብዙ ጊዜ ይዛባል። የደም ስኳርና የቅባት ምርመራ የሚያስፈልገው እንደ እሷ ላለች ልጅ ነው። የማህጸን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። «ስታገባ ይለቃታል» የሚሉትን አይስሙ።

ጥያቄ (ከቆጪ)፦ ጅማ ተቀምጠን ቡና ተዉ እንዳትለን ብቻ!

ማን ደፍሮ! ቡና ብጉር ያመጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ኮሌስትሮል ላይ ግን እጁ አለበት። ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ነገር አለ፤ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። በወረቀት ማጣሪያ ሲያልፍ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ጀበና ደግሞ ወረቀት የለውም። ኮሌስትሮልህ ደህና ከሆነ ጠጣ። ከፍ ያለ ከሆነ ሲኒውን ቀንስ፣ አተላውን አትጨልጥ። ስኳሩን ግን ማንም ይቀንሰው፤ ሲኒዋ ትንሽ ናት፣ የምትሸከመው ስኳር ግን ጉድ ነው።

ጥያቄ፦ ጸጉሬን ቅቤ እቀባለሁ። ግንባሬ ብቻ ብጉር ሞላው።

ቅቤው ወደ ግንባርሽ እየወረደ ቀዳዳ ይደፍናል። ከደም ቅባት ጋር አይገናኝም። ከጸጉርሽ መነሻ ራቅ አድርገሽ ተቀቢ፣ የሻሽሽንና የትራስሽን ጨርቅ ቶሎ ቶሎ እጠቢ።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ የቆዳ ሐኪም አይሶትሬቲኖይን አዘዘልኝና መጀመሪያ ደም ስጪ አለኝ። ለብጉር ምን አገናኘው?

የብጉርና የደም ቅባት ነገር ከሁሉ በላይ አከራካሪ ያልሆነው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ለከባድ ብጉር ጎበዝ ነው፤ ግን በብዙ ሰው ላይ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት፣ ከዚያም ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ይለካል፤ የጉበት ምርመራም አብሮ ይሠራል። ትራይግሊሰራይድ ከ150 ሚሊግራም በዴሲሊተር በታች ሲሆን ደህና ነው። ወደ 500 ከተጠጋ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሊያቆመው ይችላል። ከ1000 ካለፈ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል፤ እሱ ቀልድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ቁጥሩ ይመለሳል። የሚገርመው፣ ኪኒኑ በደንብ ወደ ደም የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን እርግዝና ነው። ጽንሱን ክፉኛ ይጎዳል። ከመጀመርሽ አንድ ወር በፊት፣ እየወሰድሽ ሳለ፣ ካቆምሽም በኋላ አንድ ወር ማርገዝ የለብሽም። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወይም ተጨማሪ ቫይታሚን ኤ አብረሽ አትውሰጂ። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥማ አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ለምርመራው ሳልበላ ልሂድ?

ትራይግሊሰራይድ የሚለካ ከሆነ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ምግብ ሳትቀምስ ቆይተህ ብትሄድ ይሻላል። ማታ በልተህ ጠዋት በማለዳ ሂድ። ውሃ ይቻላል። ቡናው ከምርመራው በኋላ።

ጥያቄ፦ ቀላል ብጉር ነው ያለኝ። ሱቅ ያለው የሚያቀላ ክሬም በሳምንት ያጠፋል አሉኝ።

ከእነዚያ ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ስቴሮይድ አለባቸው። መጀመሪያ ፊትሽን ያሳምሩታል፤ ቆይተው ቆዳውን ያሳሱታል፣ ብጉሩንም ያብሱታል። ለቀላል ብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም አዳፓሊን የሚባሉት የሚቀቡ መድኃኒቶች ይሻላሉ። አዳፓሊንን ማታ፣ ለፊት በሙሉ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ተቀቢ። እርጉዝ ከሆንሽ እሱን ተዪው። መጀመሪያ ቆዳ ያደርቃል፣ ይለበልባል። ለውጡ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጨርቅ ያነጣል፤ በነጭ ፎጣ ተጠቀሚ።