መልስ፦ «ለምን በእግዚአብሔር ታምናለህ?» ሲሉህ ከየት ትጀምራለህ

የሥራ ባልደረባህ ይህን ሲጠይቅህ «በእምነቱ ስላደግሁ ነው» ከማለት ሌላ መልስ ካጣህ፣ ከትንሣኤው ጀምር። አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15ን ከቁጥር 3 እስከ 8 አብራችሁ አንብቡ። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ከስቅለቱ 25 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ክርስቶስ የታያቸውን ሲዘረዝር ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወንድሞችን ይጠቅሳል፤ አብዛኞቹም ገና በሕይወት አሉ ይላል። ሄዳችሁ ጠይቁ እንደ ማለት ነው! ጸሐፊው ራሱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን ያሳድድ የነበረ ሰው ነው። እኔን አጥብቆ የያዘኝ ይህ ነው።

ስለ ፍጥረት ሥርዓት የሚነሣውን ክርክር ለኋላ አቆየው፤ ወደ ፈጣሪ ቢያመለክትም ብቻውን ክርስቶስ ዘንድ አያደርስም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ታናሽ ወንድሜን በክርክር ረታሁት፤ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ፣ ለወራትም ስለ እምነት አንድ ቃል አላነሣልኝም። ባልደረባህ የማታውቀውን ሲጠይቅህ «አላውቅም፣ አንብቤ እነግርሃለሁ» በለው።