ስለ ካሻታ ጠይቁኝ፦ የኮኮናት ጣፋጭ በአዳማ ምድጃ

ሰላም ቤተሰብ። አሠራሩን ንገሪን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ካሻታ የስዋሂሊ ጠረፍ ጣፋጭ ነው፤ ሞምባሳና ዛንዚባር ውስጥ ከጥቁር ቡና ጋር ይቀርባል። እኔ ሞምባሳ ስኖር ጎረቤቴ አስተማረችኝ። ልኩ፦ 3 ብርጭቆ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ 2 ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል፣ ቁንጥር ጨው። የሚፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው፤ ልጆች ከምድጃው ይራቁ።

የፍራንኮ ልጅ፦ እትዬ፣ ስኳሩን በቴርሞሜትር 115 ዲግሪ አድርሼ ድንጋይ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አንተ አላጠፋህም፣ ቁጥሩ ነው ያሳሳተህ። 115 ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። እዚያ ውሃ በ100 ይፈላል። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል እኛ ጋ በ94 አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ስኳሩንም ስድስት ዲግሪ ቀንስለት፣ 109 ይበቃዋል። 115 እስኪደርስ ከጠበቅክ ውሃው ከልክ በላይ ተንኖ ያልቃል። እኔ ግን በስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የምለካው። ከውሃው ጋር ከሚፈላው ስኳር ጠብ አድርጉበት። ተበትኖ ከጠፋ ገና ነው። በጣት ስትሰበስቡት ለስለስ ብሎ ከተድበለበለ ደርሷል፤ ኮኮናቱን ያኔ ጨምሩ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አልፎበታል። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ ከድስቱ ግድግዳ ተላቆ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ሄሉን ጨምራችሁ አውጡ። ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ደልድላችሁ ትኩስ እንዳለ ቁረጡ።

ሚጣ፦ የኔ አልሆነም፣ ለምን?

መልስ፦ አልሆነም ማለት ምን ማለት ነው? ፈሰሰ? ደረቀ? አረረ? ሳትነግሪኝ ምን ልበልሽ?

የልጆች እናት፦ ለጾም ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ወተትም ቅቤም የለውም።

አንድ አባል፦ የኮኮናት ወተት የሚጨምሩ አሉ፤ ወተት ከተባለ እንዴት ይጾማል?

የፍራንኮ ልጅ፦ የሱፍ ወተትስ ስትጠጣ ከርመህ የለ እንዴ?

መልስ፦ ተፈቅፍቆ የተጨመቀ ኮኮናት ነው፣ ከላም ጋር አይገናኝም። በዚህ ይብቃን።

የገንደ ሃራ እህት፦ ሄል ባላገኝ ኮረሪማ ላድርግ?

መልስ፦ አይሆንም። ሁለቱም የዝንጅብል ዘመድ ናቸው፣ መዓዛቸው ግን ለየቅል ነው። ሄል ካጣሽ ያለ ሄል ሥሪው።

የወንጂ ልጅ፦ እኔ በኮረሪማ ሠርቼ ቤተሰቡ ወዶታል። ዋናው ስኳሩ ነው፤ ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ያመርታል፣ ለእኛ ስለ ስኳር አይነገረንም።

አንድ አባል፦ ነጩ ይሻላል ቡናማው?

የወንጂ ልጅ፦ ቡናማው!

መልስ፦ በቡናማ ስኳር መልኩ ስለሚጠቁር ማረሩን አታዩም። ለጀማሪ ነጩ ይሻላል። ኮረሪማውን የወደደ ይብላው፣ እኔ ካሻታ አልለውም።

ሚጣ፦ የታሸገውን ደረቅ ኮኮናት ነበር የተጠቀምኩት፣ ተፈረፈረ።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ደረቁ ስኳሩን ይመጠዋል። ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አርከፍክፈሽበት 20 ደቂቃ ይረፍ። ሙሉውን ፍሬ የምትገዙ፣ ነቅንቃችሁ ውሃው ሲንቦጫረቅ ስሙ። ሦስት ዓይን አለው፤ አንዱ ለስላሳ ነው፣ በእሱ በስታችሁ ውሃውን ቅዱ። ከሸተተ ወይም ውስጡ ከሻገተ አትቅመሱት፣ ጣሉት።

የልጆች እናት፦ እናቴ ስኳር አለባት፣ ትንሽ ብትቀምስ?

መልስ፦ ሐኪሟን ጠይቂ። በክብደት ከግማሽ በላዩ ስኳር ነው።

አንድ አባል፦ ስንት ዲግሪ ነበር ያልሽው?

መልስ፦ 109! ከላይ ጽፌዋለሁ፣ እባካችሁ አንብቡ። ልጆቹንም ከምድጃው አርቁ፣ ደግሜ እላለሁ።

የገንደ ሃራ እህት፦ አሁን እየሠራሁ ነው እትዬ፣ ትሪው ላይ ተጣብቆ አልነሳ አለኝ።

መልስ፦ ዘይቱን ረስተሻል። ትሪውን በደካማ ከሰል ላይ አንድ ደቂቃ አሙቂና በቢላዋ ጎን ከዳር ጀምረሽ አንሺው። በጨርቅ ያዢው፣ ይፋጃል።