ቁስሉ በተጠረገ ቁጥር ለምን ይሰፋል?

ጥያቄ፦ እናቴ ሰው ሠራሽ ጉልበት ከተተካላት ከሳምንት በኋላ የስፌቱ ጠርዝ ቆሰለ። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሁለቴ ተጠረገ፤ ጭራሽ ሰፋ። አንቲባዮቲኩም ጠብ አላለላትም። አሁን ደግሞ «ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ሳይሆን አይቀርም» አሉን። ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ጋንግሪን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ብዙ ጊዜ የማያጋጥም በሽታ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ኢንፌክሽን መምሰሉ አይገርምም። የራሷ መከላከያ፣ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ጀርም ሳይኖር ቆዳዋን ሲያቆስሉ ነው የሚመጣው። ክፋቱ ቆዳው በተጎዳ ቁጥር መባባሱ ነው። ጠረጋው ያሰፋውም ለዚህ ይሆናል።

እስቲ ጠርዙን እዪው። ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ከሥሩ የተቦረቦረና ሲያዩት ከሚመስለው በላይ የሚያም ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ግን አትቸኩሉ! ከቁስሉም ከመገጣጠሚያውም ለካልቸር (ጀርም መኖሩን ለሚያሳየው የላብራቶሪ ምርመራ) ናሙና፣ ከጠርዙ ደግሞ ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ ትንሽ የቆዳ ናሙና) ይወሰድ። ምክንያቱም ፕሬድኒሶሎን ወይም ሳይክሎስፖሪን የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚገታ መድኃኒት ቢጀመርላትና እውነተኛ ኢንፌክሽን ተደብቆ ቢገኝ ጉዳቱ ከባድ ነው። የቆዳና የአጥንት ሐኪሞቿ አብረው ይወስኑ። የአንጀት ብግነት ወይም ሩማቶይድ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ካለባት ሳትረሱ ንገሯቸው። ወደፊት ሌላ ቀዶ ጥገና ካስፈለጋትም ይህን ታሪኳን ቀድማችሁ አሳውቁ።