ግልባጩን የተቀበሉበትን ቀን ነገሩኝ፤ ፍርዱ የተነበበበትስ መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የጥብቅና ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ቢሮዬ ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ደንበኛዬ በብድር ገንዘብ ተከሶ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ድሬዳዋ ችሎት ተረታ። ፍርዱ የተሰጠው ፍርድ ቤቱ ለክረምት እረፍት ሳይዘጋ ነው። የፍርዱን ግልባጭ የተቀበልኩት መስከረም 22 ስለሆነ ይግባኙን እስከ ኅዳር 22 ለማቅረብ አስቤአለሁ። አዲስ ማስረጃ ማያያዝ እችላለሁ? ይግባኝ ካልኩ አፈጻጸሙ ይቆማል? የያዝኩት ውክልናስ ይበቃል? (ጥቅምት 3)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች በአጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ እሄዳለሁ፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ ፍሬ ነገር በይግባኝ አይነሳም፤ ተጨማሪ ማስረጃ የሚፈቀደውም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 345 በተመለከቱት ጠባብ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ይግባኝ ማቅረብ ብቻውን አፈጻጸም አያግድም፤ በቁጥር 332 መሠረት የእግድ አቤቱታ ለብቻው ያቅርቡ፣ ደንበኛዎም ለዋስትና ይዘጋጅ። ውክልናውን አውጥተው ያንብቡት፤ ይግባኝ ስለማቅረብ በግልጽ የማይናገር ከሆነ ዛሬውኑ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አዲስ ይሰጥዎ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ግልባጩን የተቀበሉበትን ቀን በትክክል ጻፉልኝ፤ ፍርዱ የተነበበበትን ግን «ለክረምት ሳይዘጋ» ብለው አለፉት። ግልባጩን መቼና እንዴት እንደጠየቁም አልነገሩኝም። የዚህ ጉዳይ ዕጣ ያለው ባልጻፏቸው በእነዚህ ሁለት ቀኖች ላይ ነው።

በፍትሐ ብሔር የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ነው፤ ቁጥር 323 ንዑስ 2ን ደግመው ያንብቡ። ጀማሪ ጠበቆች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ከወንጀሉ ጋር ስለሚያምታቱት ነው። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187 ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቃል፤ የይግባኝ ማመልከቻውን የሚያስገባው ደግሞ ግልባጩ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ነው። «ግልባጭ ከደረሰኝ ጀምሮ» የሚለው አቆጣጠር የዚያ ነው። የሥራ ክርክር ከያዙ ደግሞ ልብ ይበሉ፤ እዚያ ያለዎት ከውሳኔው ጀምሮ 30 ቀን ነው።

እንቁጠረው። ፍርዱ ሐምሌ 20 ተነቦ ከሆነ፣ ከሐምሌ 10 ቀን፣ ከነሐሴ 30፣ ከጳጉሜን 5 ይገኛል፤ ይህ 45 ነው። ቀሪው 15 ከመስከረም ይሞላል፤ የመጨረሻው ቀን መስከረም 15 ነው። «ሁለት ወር» ብሎ የቆጠረ ጳጉሜንን ረስቶ መስከረም 20 ይደርሳል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ ገደቡ መስከረም 14 ላይ ያበቃል። የክረምቱ እረፍት ቆጠራውን ያቆምልኛል ብለውም አይተማመኑ። ፍርዱ በጣም ዘግይቶ ሐምሌ 30 ተነቧል ብንል እንኳ ጊዜው መስከረም 25 አልቋል፤ ደብዳቤዎ የተጻፈው ጥቅምት 3 ነው።

ስለዚህ ኅዳር 22ን ይርሱት። የሚያስፈልግዎ ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ ማስፈቀጃ አቤቱታ ነው። ሬጅስትራሩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) ጊዜው አልፏል ብሎ ይግባኙን ሲመልስልዎ በቁጥር 324 መሠረት ማስፈቀጃውን ለማቅረብ 10 ቀን ይኖርዎታል፤ ያቺንም እንዳያሳልፏት። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፍ፤ ማስረጃዎቹ ይያያዙ።

ቁጥር 326 ላይ ይቁሙ። ፈቃድ የሚሰጠው ይግባኝ ባዩን በቂ ምክንያት አግዶት ከሆነ ነው፤ ጠበቃው ወይም ወኪሉ በራሱ ጥፋት ማዘግየቱ ግን በቂ ምክንያት አይባልም። «ጠበቃዬ ቀን ተሳስቶ ነው» የሚል አቤቱታ ደንበኛዎን አያድነውም። የቀረዎት መከራከሪያ የግልባጩ መዘግየት ነው፤ እሱም የሚሠራው ጥፋቱ የመዝገብ ቤቱ መሆኑ ከታየ ብቻ ነው። ፍርዱ በተነበበ ማግስት በጽሑፍ ጠይቀው፣ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጅዎ ካለ ጥሩ መሠረት አለዎት። በቃል ጠይቀው «ነገ ና» እየተባሉ ተመላልሰው ከሆነ አቋምዎ ደካማ ነው። የጠየቁት መስከረም ላይ ከሆነ ደግሞ መዝገብ ቤቱን መውቀስ አይችሉም። መዝገቡ መቼ ለግልባጭ እንደተጠየቀና መቼ ተገልብጦ እንደተሰጠ የሚገልጽ ማረጋገጫ ከሬጅስትራሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለወደፊቱም ፍርድ በተነበበ ቀን፣ ከችሎት ወጥተው ቢሮ ሳይደርሱ፣ የግልባጭ ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ያስገቡና አንዱን አስመትተው ያስቀሩ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። የምታውቁት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ቀኑን ወደኋላ እጽፍልሃለሁ» ቢልዎ እምቢ ይበሉ። ያ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ ይግባኙ ቀርቶ ወንጀል ይሆናል፣ ፈቃድዎም ይሄዳል።

ለደንበኛዎ ነግረውታል? ደብዳቤዎ ላይ ስለ እሱ ስሜት አንዲት ቃል የለችም፤ አልነገሩትም ብዬ እገምታለሁ። የሆነውን በጽሑፍ ያሳውቁት። መዘግየቱ የእርስዎ ከሆነ በማስፈቀጃው ላይ የእሱና የእርስዎ ጥቅም ይጋጫል፤ ሌላ ጠበቃ እንዲያማክር ይንገሩት። ወኪል በጥፋቱ ለወካዩ እንደሚጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2211 ስለሚደነግግ፣ የሙያ ኃላፊነት መድን ካለዎት ውሉን አውጥተው ጉዳቱን ለመድን ሰጪው የሚያሳውቁበትን የጊዜ ገደብ ይዩ።

የችሎቱን መዝገብ ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። ፍርዱን፣ የግልባጭ ማመልከቻዎን፣ ውክልናውንና የቀጠሮ ማስታወሻዎን ይያዙና ዛሬ ከሰዓት በኋላ በይግባኝ ሥራ የቆየ ጠበቃ ጋ ቁጭ ብለው ቀኖቹን አብራችሁ ቁጠሩ።