ስፒንሎክ ወይስ ሚውቴክስ? ከድሬዳዋ ለቀረቡ የከርነል ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ቅዳሜ ከሰዓት ከዚራ ላይ ስለ ሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን ስለሚያስተዳድረው የሥርዓቱ እምብርት) ስንወያይ መሽቶብን ያደሩትን ጥያቄዎች በጽሑፍ እመልሳለሁ። ስፒንሎክና ሚውቴክስ ሁለት ኮዶች አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክሉ ቁልፎች ናቸው፤ ጠባቂውን የመጀመሪያው ያሽከረክረዋል፣ ሁለተኛው ያስተኛዋል።

ጥያቄ፦ የሙቀት መለኪያ ድራይቨር (መሣሪያውን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኝ ኮድ) እየጻፍኩ ነው። ስፒንሎክ ፈጣን ነው ስለተባልኩ በየቦታው እሱን ተጠቀምኩ፤ ማሽኑ ግን አልፎ አልፎ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከፍጥነት በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ቁልፉን የያዘው ኮድ ሊተኛ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ለሌላ ሥራ ለቆ ሊቆይ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ስፒንሎክን የሚጠብቅ ፕሮሰሰር ሌላ ሥራ ሳይሠራ እዚያው ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ቁልፉን ይዞ መተኛት ክልክል ነው። በላኩልኝ ኮድ ውስጥ ግን ቁልፉን እንደያዙ ኬማሎክን (ሜሞሪ የሚሰጠውን የከርነል ፈንክሽን) በጂኤፍፒ ከርነል (መተኛትን በሚፈቅደው ምርጫ) ጠርተዋል። ነፃ ሜሞሪ እስካለ ድረስ ጥሪው ወዲያው ስለሚመለስ ስሕተቱ ተደብቆ ይኖራል፤ ሜሞሪ ያጠረ ዕለት ግን ኮዱ ይተኛል፣ ሎጉ ላይም «ስኬጁሊንግ ዋይል አቶሚክ» (መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ ተኛ) የሚል መስመር ይወጣል። መተኛትን የማይፈቅደውን ጂኤፍፒ አቶሚክን መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም እሱ ቶሎ ስለሚከሽፍ፣ ሜሞሪውን ቁልፉን ከመያዝዎ በፊት ቢወስዱ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሁልጊዜ ሚውቴክስ ይሻላል?

መልስ፦ ዳታውን የሚነካው ኮድ መተኛት በሚፈቀድበት ቦታ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ አዎ። ቀርፋፋ ነው የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ አያስኬድም፤ ምክንያቱም ቁልፉን የያዘው በሌላ ፕሮሰሰር ላይ እየሠራ ከሆነ ሚውቴክሱ ራሱ ከመተኛቱ በፊት ጥቂት ይሽከረከራል። ኢንተራፕት ሃንድለር (መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ሲያቋርጥ ወዲያው የሚሠራው ኮድ) ግን መተኛት አይችልም። ዳታው ከእሱ ጋር የሚጋራ ከሆነ ስፒንሎክ ግድ ነው፤ ያውም ከሃንድለሩ ውጭ ሲያዝ በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕትን የሚዘጋው ዓይነት። አለበለዚያ ሃንድለሩ ራሱ ያቋረጠው ኮድ የያዘውን ቁልፍ እየጠበቀ ለዘላለም ይሽከረከራል።

ጥያቄ፦ ሴማፎርስ?

መልስ፦ የባቡር ከተማ ልጆች እንደመሆናችሁ የሐዲዱን ምልክት ስም ታውቁታላችሁ። ሴማፎር ባለቤት የለውም፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ሊለቅ ይችላል። ለተራ መቆለፊያነት ሚውቴክስ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አርሲዩ (ሪድ ኮፒ አፕዴት የሚባለው ዘዴ) መቼ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ንባቡ እጅግ በዝቶ ለውጡ አልፎ አልፎ ሲሆን ነው። አንባቢው ቁልፍ አይጠብቅም፤ ጸሐፊው ቅጂውን አስተካክሎ ፖይንተሩን (ወደ ዳታው የሚያመለክተውን አድራሻ) ይቀይርና አሮጌውን የሚያጠፋው ነባር አንባቢዎች ከወጡ በኋላ ነው። ችግሩን ለክታችሁ ሳታረጋግጡ አትግቡበት።

ጥያቄ፦ ስሕተቴን አስቀድሜ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በ2006 እ.ኤ.አ. ከርነሉ ውስጥ በገባው፣ ቁልፎች የሚያዙበትን ቅደም ተከተል በሚከታተለው በሎክዴፕ። አንድ ጊዜ «ሀ» ከዚያ «ለ»፣ ሌላ ጊዜ «ለ» ከዚያ «ሀ» ብላችሁ ከቆለፋችሁ፣ ማሽኑ ገና ሳይደርቅ ያስጠነቅቃችኋል። እባካችሁ፣ እሱን አብርታችሁ ሳትሞክሩ ድራይቨራችሁን ለማንም አትስጡ።