ብርሃንና ቁስን በስሌት ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ልጄ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች። አሁን ደግሞ «ብርሃን ቁስን ሲነካ የሚሆነውን በንድፈ ሐሳብ ላጥና» ትለኛለች። ቤተ ሙከራ የማይገባ ተመራማሪ ምን ይሠራል? እንጀራስ ይሆናታል? (አንድ አባት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የንድፈ ሐሳብ ተመራማሪ መሣሪያው ሒሳብና ኮምፒውተር ነው። በከተማዎ ጣሪያ ላይ የሚያዩትን ሶላር እንውሰድ። የሚታይ ብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ በግምት ከ1.6 እስከ 3.1 ኤሌክትሮን ቮልት (የጥቃቅን ቅንጣቶች ኃይል መለኪያ) ኃይል ይይዛል። ሶላሩ በተሠራበት ሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮን ከታሰረበት እንዲላቀቅ 1.1 ያህል ስለሚበቃው፣ ሶላሩ ብርሃኑን ውጦ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ በንጹሕ የሲሊካ መስታወት ግን የሚያስፈልገው 9 ገደማ በመሆኑ ብርሃኑ ሳይዋጥ ያልፋል። ልጅዎ ልታሰላ የምትሻው ይህንን ኤሌክትሮንን ለማላቀቅ የሚያስፈልገውን ኃይል፣ ማለትም የኃይል ክፍተት የሚባለውን ነው፤ ገና ማንም ባልሠራው ቁስ ውስጥ እንኳ ሊሰላ ይችላል። ለምሳሌ በ1987 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኤሊ ያብሎኖቪችና ሳጂቭ ጆን በየፊናቸው፣ ውስጣዊ ቅርጹ ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ጋር በሚቀራረብ ርቀት እየተደጋገመ የተሠራ ቁስ የተወሰነ ብርሃንን ፈጽሞ እንዳያልፍ ሊያግድ እንደሚችል ያቀረቡት፣ እንዲህ ያለው ቁስ በቤተ ሙከራ ተሠርቶ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ነበር።

እንጀራውን በተመለከተ፣ በአገራችን ዋናው ቀጣሪ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ማስተማርና ምርምር አብረው ይሄዳሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ረጅም ዓመታት ስለሚፈልጉ፣ ቶሎ ደመወዝ የሚጠብቅ ቤተሰብ አስቀድሞ ቢመክርበት ይበጃል። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም በ1964 እ.ኤ.አ. በትሪየስቴ፣ ጣሊያን፣ ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል፣ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች የጠጣር ቁስ ፊዚክስን የሚጨምር የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል፤ ልጅዎ ይህን በር ከወዲሁ ብታውቀው እወዳለሁ።

በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ትልቁ እንቅፋት የመሣሪያ እጦት አይደለም፤ ስሌትን የሚያርም መምህርና የሚከራከር ባልደረባ ማጣት ነው። ስለዚህ በትምህርት ክፍሏ በዚህ ዘርፍ የሚሠራ መምህር ትፈልግ፤ ኳንተም መካኒክስን (የጥቃቅን ቅንጣቶችን ጠባይ የሚያጠናውን ፊዚክስ) እና የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ጠንቅቃ ትማር። ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው የቁስ ስሌት ሶፍትዌር በነጻ ስለሚገኝ፣ በአንድ ላፕቶፕ የሲሊከንን ክፍተት ማስላት ትችላለች። የተለመደው ስሌት ከተለካው ግማሽ ገደማ ብቻ ይሰጣታል፤ ለምን እንደሚያንስ መምህሯን ትጠይቅ፣ ምርምሩ የሚጀምረው እዚያ ነውና።